ቃለ ጉባኤ፣ ስለ ባሕር

ቦታው ሰንጋ ተራ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣
ሰዓቱ ሁለት ተኩል፣ ዶፍ ሲወርድ ከሰማይ።
ሰብሳቢዋ ወይንሸት፣ የዕቁቡ ገንዘብ ያዥ፤
ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ሁላችን እጩ ተጓዥ።
አጀንዳው አንድ ብቻ፣ የክረምቱ ዕረፍት፣
«ባሕር ካልሆነ ይቅር» የቤዛዊት ግፊት።
ቧንቧው ድርቅ ካለ ዛሬ አራተኛው ቀን፣
ስለ ባሕር መከርን ጀሪካን ከብበን።

ቤዛዊት ቀደመች፣ ስልኳን ዘርግታ፣
«ዛንዚባር» አለችን፣ ትንፋሿን ገትታ።
ነጭ አሸዋ አየን፣ ውሃው እንደ መስታወት፣
ፊቱ የማይታይ ሰው ባርኔጣ አጥልቆበት።
እናቷ ደመረች፤ አራት ፓስፖርት፣ አራት ትኬት፣ አዳር...
ደመረችና ማስያውን ገልብጣ አኖረች።
«ስንት ሆነ?» ያላት የለም።
በቃለ ጉባኤው ግን «ሐሳቧ በይደር አለፈች»።

ኢዮስያስ ከጆሮው አንዱን ማዳመጫ ነቅሎ
«ዋይፋይ አለው?» አለ፣ መለሰው ቶሎ።

የእኔ ተራ ደረሰ። «ጅቡቲስ?» አልኳቸው፣
«በባቡር ይኬዳል...» ቀደመኝ ሳቃቸው።
«በነሐሴ? አባ! እንቁላል መሬት ላይ ይበስላል እኮ!»
እኔም አልተከራከርኩም።
ጅቡቲ ስል ሌላ ወደብ እያሰብኩ እንደ ነበር ያውቃሉ፦

ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ ተሳቢ ሲነዳ
ጋቢና አስቀምጦኝ፣ ሦስት ቀን በረሃ፣ ሦስት ሌሊት ሜዳ፣
አሰብ ላይ ጎህ ሲቀድ አወረደኝና
«ያውልህ» አለኝ። ሲጋራውን ለኮሰና
ጀርባውን ለጎማው ሰጥቶ ተቀመጠ።
ከነጫማዬ ገባሁ።
እስከ ጉልበቴ። ጨው ቀመስኩ። ተመለስኩ።
ጫማው ሲደርቅ ነጭ ካርታ አወጣ፣
እናቴ በብሩሽ ፈግፍጋ አጠፋችው።

ይህን አርባ ጊዜ ሰምተዋል። ገና ስጀምር ይጠቃቀሳሉ፤
«ከነጫማው» ትላለች እሷ፣ «እስከ ጉልበቱ» ይላል እሱ።
ስለዚህ ዛሬ ዋጥኩት።

«ላንጋኖስ?» አለች ወይንሸት።
«ቡናማ ነው፤ ፎቶ ላይ ሻይ ይመስላል።»
«ታዲያ ሻይ ውስጥ መነከር ማን ይጠላል?»

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ።
የሜክሲኮ መኪኖች ጥሩምባ ብቻ ቀረ፣ ዝናቡም።
ከሶፋው ጥግ፣
ዘንድሮ የጎረነነ፣ ገና ያልለመድኩት ድምፅ፣
«አባ፣ መዋኘት ትችላለህ ግን?»

በጨለማ መዋሸት ቀላል ነበር።
«አልችልም» አልኩ።
«እኔም» አለ።
«እኔም» አለች እህቱ፣ ያቺ የዛንዚባሯ።
ወይንሸት ሳቀች፤ «እኔማ እንኳን ባሕር፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያስፈራኛል!»

አርባ ጊዜ ሲሰሙኝ አንድም ቀን አልጠየቁኝም፣
አርባ ጊዜ ስተርክ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም፦
ከጉልበቴ ያላለፍኩት አባቴ ጠርቶኝ አይደለም።
ፈርቼ ነው።
እሱም፣ ዛሬ ሳስበው፣ ከጎማው ያልተነሣው
ጭስ ስለሚጥመው ብቻ አልነበረም መሰለኝ።

ሻማ ተለኮሰ። ውሳኔው ተጻፈ፦
ቅዳሜ ጠዋት፣ ግዮን ገንዳ፣ አራት ሰው፣
በጥልቁ በኩል ሳይሆን ሕፃናት በሚንቦጫረቁበት።
የዋና መነጽር ከመርካቶ ይገዛል፣ ዋጋ ተከራክራ፣ በወይንሸት።
ባሕሩ በይደር።
ኢዮስያስ ዋይፋዩን ዳግመኛ አላነሣም።

ፈረምን። በሻማ ጭላንጭል ስለ ሆነ
የማን ፊርማ የማን እንደ ሆነ አይለይም።

ጠዋት ቧንቧውን ከፈትኩት፤ አየር ተነፈሰ።
ወረቀቱ ጀሪካኑ ላይ አድሮ ጫፉ ረጥቧል፤
ከፊርማዎቹ በታች፣ በቤዛዊት እጅ፣
ያላጸደቅነው አንድ መስመር ተጨምሯል፦
«ከነጫማ መግባት ክልክል ነው።»